አራስ ቤት የሌለው ሕመም

ሕክምና ሕመምን በዕድሜው ይከፍለዋል። አዲስ የመጣውን አጣዳፊ፣ የሰነበተውን ሥር የሰደደ ይለዋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ የቀረ ሕመም ሥር ሰደደ የሚባለው 3 ወር ሲያልፈው ነው፤ ከእምብርት በታች ለሚሰማ የሴት ሕመም ደግሞ ብዙ መማሪያ መጻሕፍት 6 ወር ይጠብቁለታል። ታካሚዋ ወደ ቤቷ ስትሸኝ የሚነገራት ግን የቀናት ነገር ነው፦ ለጥቂት ቀን ቁርጠት ይኖራል፣ ደሙ እስከ 2 ሳምንት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፣ ከዚያ ደህና ትሆኛለሽ። «ከዚያ» በተባለው ቀንና በ3ኛው ወር መካከል ሰፊ ጊዜ አለ። እዚያ ውስጥ የምትገኝ ሴት ድናለች እንዳትባል ያማታል፤ ታማለች እንዳትባል ሥራ ገብታለች፣ ወጥ ሠርታለች፣ ታክሲ ተጋፍታለች። የሚያማትን ነገር የምትጠራበት ስም አልተዘጋጀላትም፤ ስም የሌለው ሕመም ደግሞ ጠያቂ አይመጣለትም።

እኔን እዚያ ያቆየኝ የማሕፀን ፖሊፕ ነው። ቀጭን ካሜራ በማሕፀን በር ይገባል፣ ማሕፀኑ በፈሳሽ ይነፋል፣ የበቀለችው ሥጋ ተቆርጣ ትወጣለች። ሂስትሮስኮፒ ይሉታል። ሆድ አይከፈትም፣ ስፌት የለም፤ በማደንዘዣ ተኝተሽ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል፣ ጠዋት ገብተሽ ከሰዓት ትወጫለሽ። ሥጋዋ ተመርምራ ክፉ ነገር እንደሌለባት ተነገረኝ። በሐኪሙ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ እጁ መልካም ነበር። «ቀላል ናት» ያለኝም ዋሽቶ አይደለም፤ በዚህች ሥራ የሚሞት ሰው የለም ለማለት ነው፣ በዚያ ሚዛን በእርግጥ ቀላል ናት።

ነገር ግን ሥራው የሚመዘነው በሚፈጀው ደቂቃና በሚያስከትለው አደጋ ነው። ማገገሙ የሚመዘነው በሌላ ነገር ነው፣ ሁለቱም የግድ አይገናኙም። በጤና ጣቢያዎቻችን ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚደረገውን የማሕፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራ እንውሰድ። የማሕፀን በሩ ኮምጣጤ መሰል አሲድ ይቀባል፤ የነጣ ቦታ ከታየና ለዚያ የሚመች ከሆነ በዚያው ቀን በቅዝቃዜ ይታከማል። 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፣ 5 ደቂቃ ማሳረፍ፣ እንደገና 3 ደቂቃ ማቀዝቀዝ፤ ተደምሮ 11 ደቂቃ። ውኃ የመሰለው ፈሳሽ ግን 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወርዳል፤ ሴትዮዋም ለ4 ሳምንት ከግንኙነት ትታቀባለች። 11 ደቂቃው የብዙ ሴቶችን ሕይወት አትርፏል፣ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ቀጥሎ ያለው ወር ግን የሐኪሙ አይደለም፣ የሷ ነው፤ በመዝገቡ ላይም አይጻፍም።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። ማሕፀን ጡንቻ ነው። ከተነካ ይጨመደዳል፣ የገባበትን ሊያስወጣ ይታገላል። የሚያስጨመድዱት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ከራሱ ከግድግዳው የሚመነጩ ኬሚካሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ጆን ቬን አስፕሪን የእነዚህን ኬሚካሎች መመረት እንደሚያግድ በ1971 እ.ኤ.አ. አሳይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርቶበታል፤ አይቡፕሮፌንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመም እንግዲህ አባትም እናትም አለው፣ መድኃኒትም አለው። ቁርጠት ነው፤ ይመጣል፣ ይጨመድዳል፣ ይለቃል። ሴት ሁሉ ከወር አበባዋ ታውቀዋለች።

ያስቸገረኝ ከዚያ በኋላ የቀረው ነው። ቁርጠት አይደለም፣ ውጋትም አይደለም። ጥዝጣዜ ነው። ብዙ ሰዓት ስቀመጥ ይነሣል፤ ወገብ ይይዛል፣ ወደ ታፋ ይወርዳል፣ ሽንት ቤት ስሄድ ያስታውቃል፣ ስተኛ ይረሳል፣ ጠዋት ይመለሳል። «የት ጋ ነው?» ስባል በአንድ ጣት መጠቆም አልቻልኩም፤ መዳፌን ዘርግቼ ሆዴ ላይ አኖርኩ። ሐኪሞች ይህን ያውቁታል። ቆዳው የተቆረጠ ሰው ጣቱን ይሰነዝራል፣ የውስጥ አካሉ የሚያመው መዳፉን ይዘረጋል። ምክንያቱ የነርቮቹ መንገድ ነው። የማሕፀን ስሜት ወደ አከርካሪ የሚገባው ከታችኛው ሆድ፣ ከወገብና ከታፋ ቆዳ የሚመጣው ስሜት በሚገባበት ደረጃ ነው፤ የማሕፀን በሩ ደግሞ መግቢያውን ከፊኛና ከአንጀት መጨረሻ ጋር ይጋራል። በአንድ በር ብዙ ወሬ ከገባ አንጎል ላኪውን መለየት ይቸግረዋል። ማሕፀን ተነክቶ ታፋ የሚያመው፣ የሆድ ድርቀት በመጣ ቁጥርም ያ የተረሳ ነገር እንደ አዲስ የሚቀሰቀሰው ለዚህ ነው።

ከነርቩ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነሣ ነገር አለ፦ የዳሌ ወለል ጡንቻዎች። ፊኛን፣ ማሕፀንንና አንጀትን ከታች ደግፈው የሚይዙ ናቸው። ሕመም ሲመጣ ይጠብቃሉ፤ ሰው ሊመታ ሲል ትከሻውን እንደሚሰበስብ ማለት ነው፣ የሚሰበሰበው ትከሻ ግን ይታያል፣ እነዚህ አይታዩም። ቁስሉ ድኖ፣ ደሙ ቆሞም እነሱ እንደጠበቁ ሊቀሩ ይችላሉ። የጠበቀ ጡንቻ ይደክማል፣ የደከመው ያማል፣ ሲያም ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። መሣሪያ አያየውም። የሚያገኘው የሠለጠነ እጅ ነው፣ የሚያላላውም ቀስ ያለ ትንፋሽ፣ ሙቀትና ትዕግሥት ያለው የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት «ምንም የለሽም» የሚለውን ነው። አልትራሳውንዱ ንጹሕ፣ ሽንቱ ንጹሕ፣ ደሙም ደህና። ይህን ቃል ሰምቶ የማያውቅ ታካሚ በአገራችን ማግኘት ይከብዳል። የምሥራች መሆኑን አውቃለሁ፣ «ተመስገን» ብዬም ወጥቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ ግን ጥዝጣዜው አብሮኝ ተቀመጠ፤ የምሥራቹ በዚያው ወቀሳ መሰለኝ። ምንም ከሌለኝ ይህ ምንድን ነው? አልትራሳውንድ ቅርጽ ያያል፤ የተጠራቀመ ደም፣ የቀረ ሥጋ፣ መግል የቋጠረ ቦታ ካለ ያወጣዋል። ሕመምን የሚያይ ማሽን እስካሁን አልተሠራም። ሐኪሙ ስለ ምስሉ ተናገረ፤ እኔ ስለ ራሴ ሰማሁ።

የዚህ አለመግባባት ሥር ሩቅ ነው። ፈረንሳዊው ዴካርት በሞተ በ14 ዓመቱ፣ በ1664 እ.ኤ.አ. «ስለ ሰው» የተሰኘ ድርሰቱ በፈረንሳይኛ ሲታተም አንድ ሥዕል አብሮ ወጣ። እግሩ ወደ እሳት የተጠጋ ሰው ነው፤ ከእግሩ የተነሣ ክር በጀርባው በኩል እስከ አንጎሉ ይወጣል። ዴካርት ነገሩን በገመድ አስረዳው፤ አንዱን ጫፍ ስትስበው በሌላው ጫፍ ያለው ደወል ይጮኻል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ለብዙ ዘመን ሕክምናን አገልግሏል። መዘዙ ግን ይኸው ነው፦ ገመዱን የሚስብ ካልተገኘ ደወሉ መጮኽ የለበትም። ከጮኸ ሴትዮዋ ናት የምትጮኸው።

በ1965 እ.ኤ.አ. የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ገመዱን በበር ተኩት። አከርካሪ ውስጥ በር አለ፣ ከታች የሚመጣውን ወሬ ያሳልፋል ወይም ያግዳል፣ ከላይም ከአንጎል ትእዛዝ ይቀበላል አሉ። ፍርሃት ይከፍተዋል፣ መረጋጋት ገርበብ ያደርገዋል። በ1983 ክሊፎርድ ዉልፍ ደግሞ አከርካሪው ራሱ ከጉዳት በኋላ ስሜቱ ሊሳል እንደሚችል አሳየ፤ ቀድሞ የማያመው ንክኪ ማሳመም ይጀምራል። ሌባው ተይዞ ከተወሰደ በኋላም ኮሽ ባለ ቁጥር ፊሽካ የሚነፋ የሰፈር ዘበኛ አስቡ። ዘበኛው አልዋሸም፣ አላበደም። ነገሩ ማለቁን ገና አላመነም። ሜልዛክ በ1975 ያዘጋጀው የማክጊል መጠይቅ 78 የሕመም ቃላት በቡድን በቡድን የሰደረው፣ «ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ?» የሚለው ቁጥር ብቻውን ስለማይበቃ ነው። ከ10 ሦስት የሆነ ጥዝጣዜ ወር ሲቀመጥ ከ10 ስምንት ከሆነ የአንድ ሌሊት ቁርጠት ይበልጥ ሊያደክም ይችላል። ለዚያ ሂሳብ የሚሆን ሰንጠረዥ አላየሁም።

ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. የሕመምን ትርጉም ሲያድስ የሥጋ ጉዳት ባይገኝም ጉዳት ሲኖር የሚሰማውን የሚመስል ስሜት ሕመም መሆኑን አስገባበት፤ ከማብራሪያዎቹም አንዱ ያመኛል የሚል ሰው ቃሉ እንዲከበር ያዛል። ደስ አለኝ። ከዚያ ግን ተመልሼ አሰብኩ፦ ቃሌን ማን ነው ያላከበረው? ሐኪሙ ማስታገሻ ጽፎልኛል። ባለቤቴ ትኩስ ውኃ በላስቲክ አድርጎ አምጥቶልኛል። ያላመነችኝ እኔው ነበርኩ።

እዚህ ላይ ከሁለት ታላላቅ ሰዎች ጋር እለያያለሁ። ጸሐፊዋ ኢሌን ስካሪ በ1985 ስለ ሕመም ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ሕመም ለባለቤቱ የእርግጠኝነት፣ ለሚሰማው ሰው ደግሞ የጥርጣሬ ምሳሌ ነው ትላለች። ፈላስፋው ቪትገንሽታይንም በበኩሉ፣ ስለ ራስ ሕመም ጥርጣሬ ቦታ የለውም፤ «ማመሙን አውቃለሁ» ማለት እንኳ ከቀልድ በቀር ትርጉም አይሰጥም ባይ ነው። ሁለቱም ሕመሙ አለ ወይስ የለም በሚለው ላይ ካሰቡ ልክ ናቸው። መኖሩን አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም። የተጠራጠርኩት በመኖር መብቱን ነው። ይህን ያህል ጊዜ ማመም ይገባዋል? ያቺን ለምታህል ፖሊፕ? ሌላዋ ሴት በዚህ ጊዜ ደህና አልሆነችም? ምናልባት እያዳመጥኩት ነው እንጂ ባላዳምጠው ይተወኝ ነበር? ይህ ጥርጣሬ ከሐኪም የመጣ አይደለም፣ ከፍልስፍናም አይደለም። ገና በ13 እና በ14 ዓመት፣ የወር አበባ ቁርጠት ይዞን ክፍል ውስጥ ስንታጠፍ፣ «ሴት መሆን ነው፣ ያልፋል» ከተባልንበት ቀን ጀምሮ የተከማቸ ነው። ችሎ ማደር ያስመሰግናል። ሲያስመሰግን የኖረን ነገር ደግሞ በአንድ ማብራሪያ አታራግፊውም።

ጥርጣሬው ራሱ አደጋ አለው፣ ይህን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈልግም። የቀረው ሕመም የፊሽካ ጩኸት ብቻ ነው ብሎ መተኛትም አይቻልም፤ አንዳንዴ ሌባው እውነት ተመልሶ ይመጣል። ሕመሙ ብቻውን ይህን አይለይም። የሚለዩት ጓደኞቹ ናቸው፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ በሰዓት ሁለት ሞዴስ እያራሰ ሁለት ሰዓት በተከታታይ የቀጠለ ደም፣ ራስን መሳት። አቅጣጫውም ይናገራል፤ እየቀነሰ መጥቶ ድንገት የጨመረ፣ ወይም ከቀን ቀን የባሰ ሕመም ቀጠሮ አይጠብቅም። የወር አበባ ሳይመጣ በየወሩ ቁርጠት ብቻ የሚመጣ ከሆነም የማሕፀን በሩ ወይም ውስጡ ተጣብቆ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። የኔው ከእነዚህ አንዱንም አላመጣም፤ እያነሰ፣ ግን እየተጎተተ ሄደ። በ«ቻይው» እና በ«ሩጪ» መካከል መቆም ማለት ይህ ነው፤ በየማለዳው ሰውነትሽን እንደ ምስክር ጠርተሽ ቃሉን ትመዝኛለሽ፣ ዳኛዋም ምስክሯም አንቺው ነሽ።

አክስቴ ይህን ሁሉ ምዘና ከነአካቴው አልተቀበለችውም። ስልክ ደውላ ምን እንደተደረግሁ ጠየቀችኝ፤ በተቻለኝ መጠን አስረዳኋት። «ማሕፀንሽ ተነክቷል?» አለች። አዎ አልኳት። «ታዲያ አራስ ነሽ፤ ምን አስነሣሽ?»

ልጅ እንዳልወለድኩ፣ ሥጋ ብቻ እንደወጣልኝ ነገርኳት። ለሷ ለውጥ የለውም። ማሕፀን ከተከፈተ ብርድ ይገባል፣ ብርድ እንዳይገባ ሰው ይተኛል፣ የተኛ ሰው አጥሚት ይጠጣል፣ ገንፎ ይበላል። ስለ ብርዱ አልከራከራትም፤ ሙቀት የተጨመደደ ጡንቻን እንደሚያላላ ፊዚዮቴራፒስቷም ነግራኛለች። ያስገረመኝ ሌላ ነው። አክስቴ ሕመሜን ከ10 ስንት እንደሆነ አልጠየቀችም። ምን ያህል እንደተቆረጠ፣ ምስሉ ምን እንደሚል አልጠየቀችም። የጠየቀችው የት እንደተነካሁ ብቻ ነው፤ ለዚያ ቦታ የተመደበ ጊዜ ስላለ ቀኑን ቆጥራ ሰጠችኝ። አራስ ስለ ሕመሟ ክርክር አይገጥማትም። ያማትም አያማት ትተኛለች፣ በብቸኝነት አትተውም፣ እናቷ ከክፍለ አገር ትመጣላታለች፣ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ፅንሷ ወርዶባት ማሕፀኗ የተጠረገላት ሴት እንኳ ይህን አታገኝም፤ ሕመሙም ደሙም ያው ሆኖ ሳለ ደጃፏን የሚያንኳኳ የለም፣ ቢመጣም ምን እንደሚላት አያውቅም። እኔ ፖሊፕ ያስወጣሁት ማ ነኝ?

ቀኑ ከየት መጣ? ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ወንድ ለወለደች 7 እና 33፣ ሴት ለወለደች 14 እና 66 ቀን ይቆጥራል፤ 40 እና 80። ልጆቻችንን ክርስትና የምናነሣውም በነዚሁ ቀኖች ነው። ኩፋሌ ምክንያቱን ከገነት ያመጣዋል፦ አዳም በተፈጠረ በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት ገቡ። ሐኪም ወረቀቱ ላይ ከሚጽፈው ቀን ይርቃል፣ 3 ወር ሳይሞላ ያልቃል። ልክ ሕክምና ስም ያላወጣለት ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። የጥንቶቹ ነርቭና ጡንቻ ቆጥረው አልደረሱበትም፣ እንደዚያ ማለት ሞኝነት ነው። ሰውነት ከደሙ መቆም በኋላም ጊዜ እንደሚፈልግ ግን በሥርዓታቸው ውስጥ ቦታ ሰጥተውታል።

ዋጋው ግን ርኩሰት ነው። በዚያው ምዕራፍ ዕረፍቱ የተሰጣት ንጹሕ አይደለችም ስለተባለ ነው፤ መቅደስ አትገባም፣ የተቀደሰ አትነካም። አክስቴም ገንፎ ካዘዘችልኝ በኋላ፣ «ደሙ ፈጽሞ ሳይደርቅ ቤተ ክርስቲያን እንዳትገቢ፣ ከቅጥሩ ውጭ ሆነሽ ተሳለሚ» አለችኝ። በአንድ ትንፋሽ ነው ሁለቱም የወጡት።

የእኛው የሐተታ ደራሲ ዘርዓ ያዕቆብ በዚህ ላይ ጠንካራ ቃል አለው። በ1667 እ.ኤ.አ. እንደተጻፈ በሚነገረው መጽሐፍ፣ የወር አበባ ያላትን ሴት ርኩስ የሚለውን ሕግ በልቡናው መርምሮ ይጥለዋል፤ ፈጣሪ በሴት ተፈጥሮ ውስጥ ያኖረውን ነገር ርኩስ ማለት ከፈጣሪ ጥበብ ጋር መጣላት ነው፣ ጋብቻንና የሴትን ኑሮም ያደናቅፋል ይላል። መጽሐፉ የማን ነው የሚለው ክርክር ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 ካነሣው ወዲህ አልረገበም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን የጻፈው አክሱማዊም ሆነ ጣሊያናዊ መነኩሴ፣ ሐሳቡ ሐሳብ ነው። እኔ እቀበለዋለሁ። ደም ደም ነው፤ ከአፍንጫ የወረደ ደም ከቅጥር ውጭ ካላቆመ ይህም ሊያቆም አይገባም።

ከተቀበልኩት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ዘርዓ ያዕቆብ ርኩሰቱን ሲያነሣ ስለ ዕረፍቱ አላሰበም። ዘመናዊው ሕክምናም እንደዚሁ። ክሊኒኩ ውስጥ ማንም ርኩስ አላለኝም፤ ሲስተሯ ደሜን በጓንት ጠርጋ፣ ፈገግ ብላ ሞዴስ ሰጠችኝ። ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ። ንጹሕ ስለሆንኩ ደግሞ ሰኞ ሥራ መግባት ነበረብኝ። የተከለለው ቦታ ሲፈርስ ሴትዮዋ ነጻ ወጣች፣ አልጋውም አብሮ ፈረሰ።

በወንጌል ያለችው 12 ዓመት ደም የፈሰሳት ሴት ብዙ ጊዜ የምትሰበከው ስለ እምነቷ ነው። እኔ ያነበብኳት በሌላ ዓይን ነው። ማርቆስ በብዙ ባለ መድኃኒቶች እንደተሠቃየችና ገንዘቧን ሁሉ ጨርሳ እንደባሰባት ይናገራል፤ ሐኪም ነበር የሚባለው ሉቃስ ግን ማንም ሊፈውሳት እንዳልቻለ ይጠቅሳል፣ መባሱን አያነሣም። የሙያ ወገንተኝነት ይሆን? እንጃ። ትልቁ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው፦ የኢየሱስን ልብስ ስትነካ መዳኗን መጀመሪያ ያወቀችው በሰውነቷ ነው፤ ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ሳይመረምራት። ማን እንደነካው ሲጠይቅም እውነቱን ሁሉ በሕዝብ ፊት ተናገረች። በሕጉ ርኩስ የነበረች ሴት፣ በተጨናነቀ ሰው መካከል፣ ስለ ገዛ ማሕፀኗ ዝርዝሩን ስትናገር ተደመጠች፣ «ልጄ» ተባለች። ይህን ክፍል ስሰማ ሁልጊዜ የማስበው ያ ንግግር ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ ነው። 12 ዓመት በአንድ ደቂቃ አይነገርም። ብዙ ሕዝብ ቆሞ፣ የምኩራቡ አለቃ ልጁ ልትሞትበት እየቸኮለ፣ እሷ ትናገራለች።

እኛ የምንናገረው ለሰው ኃይል ክፍል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። አራስነትን ሕግ አድርጎታል ማለት ነው፣ ርኩሰቱን ትቶ። ከመውለድ ውጭ ያለው ሁሉ የሕመም ፈቃድ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር ይፈቀዳል፣ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ሁለቱ በግማሽ፣ ሦስቱ ያለ ክፍያ። መጥፎ ሕግ አይደለም። ነገር ግን የሕክምና ማስረጃ ይፈልጋል፣ ማስረጃ የሚጽፈው ሐኪም ደግሞ ምስሉን አይቶ «ምንም የለሽም» ያለው ነው። ማስረጃ የሌለው ጥዝጣዜ ቢሮ ወንበር ላይ ይውላል፤ ብዙ በተቀመጥሽ ቁጥርም ይጠብቃል። የሥራ ባልደረቦቼ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። የኩላሊት ጠጠር ቢሆን ኖሮ በምሳ ሰዓት ይወራ ነበር።

አክስቴን በኋላ ሄጄ ስጠይቃት ይህን ሐሳቤን አወጋኋት። ዕረፍቱን ያለ ርኩሰቱ ብናገኘው፣ ሴት ስለተነካችና ስለደከማት ብቻ ብትተኛ፣ ማንም ከቅጥር ውጭ ሳያቆማት ገንፎው ቢመጣላት ምን አለበት አልኳት። ቡናዋን እየቀዳች ሰማችኝ። እንደማትስማማ ፊቷ ይናገራል፤ ግን የተቆጣች አልመሰለችም።

«እኛን ማን ያስተኛን መሰለሽ?» አለችኝ። «አትንኳት፣ አትቅረቧት ሲባል ነዋ! አማቴ እንኳ ውኃ ቅጂ ብላ ለመላክ ትፈራ ነበር። ባሌ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ። ርኩሰት ያልሽውን ካነሣሽው አንቺን ማን ያስተኛሻል? ደከመኝ ስላልሽ?»

ሕግ እንዳለ፣ አዋጅ ቁጥር 1156 የሚባል እንደወጣ፣ አንቀጾቹን እየቆጠርኩ አስረዳኋት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጠችኝና ሲኒውን አቀበለችኝ።

«ገንፎ ያገነፋል?» አለች።